ቀለሙ ሳይቀባ፦ የቬኒስ ጭምብል አወላለድ

በቬኒስ ከተማ፣ ዶርሶዱሮ በሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ጠባብ መንገድ ዳር የሚገኝ የአንድ ጭምብል ሠሪ ቤት በሩ ሲከፈት፣ የሚገባውን እንግዳ አስቀድሞ የሚቀበለው በመስኮቱ የተደረደረው የወርቅና የሐር ጌጥ አይደለም፤ የእርጥብ ጄሶ ሽታ ነው። ይህ ሽታ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ እጁ ወይም እግሩ ተሰብሮ በሐኪም ቤት የታሰረ ሰው ያውቀዋል፤ ገና ሥራው ያላለቀ ቤት ገብቶ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያየም ያውቀዋል።

ከወርቃማዎቹ ጭምብሎች በስተኋላ፣ መጋረጃ በሚለየው ጓዳ ውስጥ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በደረሰ መደርደሪያ ላይ፣ ከሩቅ ሲያዩአቸው ገበቴ የሚመስሉ ነጫጭና ከባድ ነገሮች ተደርድረዋል። ቀርቦ ለተመለከታቸው ግን በየገበቴው ሆድ ወደ ውስጥ የተሠራ ፊት አለ፤ አፍንጫው ጉድጓድ፣ የዓይኑ ስርጉድ ጉብታ ሆኖ ይታያል። የሚያስደንቀው ደግሞ፣ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብለው ሲያዩት ያ ጎድጓዳ ፊት ወደ ውጭ የወጣ መስሎ መታየቱ፣ ተመልካቹም ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲሄድ ፊቱን እያዞረ የሚከተለው መምሰሉ ነው። የአእምሮን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ይህን የዓይን ስሕተት ያውቁታል፤ የሰው ልቡና ፊትን ሁልጊዜ ጉብ ብሎ የወጣ አድርጎ ማየት ስለ ለመደ፣ ዓይን ያመጣለትን ምስክርነት እንኳ አልቀበልም ይላል። ለሥራው አዲስ የሆነ ደቀ መዝሙር በዚያ ጓዳ ብቻውን ማምሸት ቢፈራ አይፈረድበትም።

ስለ ቬኒስ ጭምብል ፈጽሞ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። በፊልም አይተነዋል፤ ከአውሮፓ የተመለሰ ዘመድ በስጦታ አምጥቶልን በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ ብንጠየቅ አብዛኞቻችን «ይቀቡታል» ብለን ከመመለስ አናልፍም። እርግጥ ነው፣ ይቀቡታል፤ ቀለሙ ግን የሥራው ጅራት ነው። የጭምብሉ ጠባይ፣ ቁጣውም ሆነ ሐዘኑ፣ ብሩሽ ከመነሣቱ ከብዙ ቀን በፊት በእነዚያ ገበቴ መሰል ፎርማዎች ውስጥ ተወስኖ አልቋል።

«ገዢው የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ሠሪው የደከመው በጎድጓዳው ነው።»

ከቅበላ እስከ ቁማር ቤት

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

ቬኒስ የወንጌላዊው የማርቆስ ከተማ ናት። እኛ ማርቆስን የምናውቀው በእስክንድርያ መንበሩ ነው፤ ቬኒሳውያን ግን በ828 ሁለት ነጋዴዎች ዐፅሙን ከእስክንድርያ ሰውረው እንዳመጡላቸው፣ የወደቡ ፈታሾችም እጃቸውን እንዳይሰዱ በአሳማ ሥጋ ሸፍነው እንዳሳለፉት ይተርካሉ፤ ታሪኩን በታላቁ ቤተ ክርስቲያናቸው ግድግዳ ላይ በሞዛይክ ሥለውት እስከ ዛሬ ይታያል። ከዐፅሙ ከፊሉ በ1968 ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በካይሮ በተደረገው በዓል ላይ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለው የቬኒስ ሠዓሊም በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሀገራችን ነገሥታት ዘንድ ቅዱሳት ሥዕላትን ሲሥል ኖሯል። ይህን ማንሣታችን ከርእሳችን ለመውጣት አይደለም፤ ከተማዪቱ ከምናስበው ይልቅ የቀረበችን መሆኗን ለማስታወስ ነው።

ጭምብሉም ቢሆን በጾምና በፍስክ አቆጣጠር ጥላ ሥር ያደገ ነው። «ካርኒቫል» የሚለውን ስም ብዙዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት ከላቲን አምጥተው ሥጋን ማስወገድ ብለው ይተረጉሙታል፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ያለው የደስታ ሰሞን መሆኑ ነው። እኛም ያንኑ ሰሞን ቅበላ እንለዋለን። ልዩነቱ የሚያስገርም ነው፤ ላቲኖቹ ስሙን ያወጡት ለሚሸኙት ሥጋ ሲሆን እኛ ያወጣነው ለምንቀበለው ጾም ነው፤ ድግሱ ግን በሁለቱም ዘንድ ያው ድግስ ነው።

በቬኒስ ይህ ሰሞን እየሰፋ ሄዶ፣ ከልደት ማግሥት ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን አንሥቶ እስከ ጾሙ ዋዜማ ድረስ ጭምብል ማጥለቅ የተፈቀደበት ዘመን ሆነ። በ1268 የወጣ ሕግ ጭምብል ያደረጉ ሰዎች እንቁላል እየወረወሩ እንዳይጫወቱ ይከለክላል፤ ሕግ የሚከለክለው የተለመደውን ነውና፣ ልማዱ ከሕጉ የቀደመ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በ1436 ጭምብል ሠሪዎች የራሳቸውን የማኅበር ደንብ አገኙ፤ የተቆጠሩትም ከሠዓሊዎች ጋር ነበር። ይህ አቆጣጠር ለእነርሱ ክብር ቢሆንም፣ በእኛ አስተያየት «ጭምብል ማለት ሥዕል ነው» የሚለውን የዛሬውን ስሕተት የጀመረው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የቬኒስ ልብስ ባውታ ይባላል፤ ጥቁር ካባና ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ ሆኖ፣ ከፊት ላይ የሚደረገው ነጩ ጭምብል ላርቫ፣ ይኸውም ምትሃት፣ ይባል ነበር። የዚህ ጭምብል ከንፈር እንደ ጣሪያ ክፈፍ ወደ ፊት ወጥቶ ከሥሩ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ያደረገው ሰው ሳያወልቀው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ድምፁም ተለውጦ ይሰማል። በ1638 መንግሥት በከፈተው ሪዶቶ በተባለው ቁማር ቤት ተጫዋቾቹ ጭምብል አድርገው ሲገቡ፣ ካርታውን የሚያከፋፍሉት የደኸዩ መኳንንት ግን ፊታቸውን ገልጠው ይቀመጡ ነበር፤ ቤቱም በ1774 እስኪዘጋ ድረስ የስንቱ ርስት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። የሴቶቹ ሞሬታ ደግሞ አፍ የሌላት ጥቁር የከፋይ ክብ ነበረች፤ ማሰሪያ ስለ ሌላት ያደረገቻት ሴት በውስጥ የተሰፋውን ቁልፍ በጥርሷ ነክሳ ትይዛታለች፤ መናገር ብትፈልግ ጭምብሏ ይወድቃል። ፒዬትሮ ሎንጊ በ1751 ለካርኒቫሉ የመጣችውን አውራሪስ በሣለበት ሥዕል ውስጥ ሞሬታ ያደረገች ሴት ከተመልካቾቹ መካከል ቆማ ትታያለች።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ የላርቫ ከንፈር መውጣት በቀለም የሚገኝ ነገር አይደለም። አንድ ሰው በጭቃ ላይ አስቦ፣ በጄሶ ጽፎ ያኖረው ነው።

ጭቃው

ሥራው የሚጀምረው በሸክላ ጭቃ ነው። ጌታው በጣውላ ላይ ጭቃ ይከምርና ፊት ማውጣት ይጀምራል፤ መሣሪያው ሁለት የእንጨት ቢላዋ፣ አንድ የሽቦ ቀለበት፣ የቀረው አውራ ጣት ነው። ያየ ሰው የሸክላ ሠሪ ሥራ ነው ቢል አይሳሳትም፤ ይሁን እንጂ ሸክላ ሠሪዋ ለምድጃ፣ እርሱ ለጄሶ ነው የሚሠራው፤ ይህም ሁለት ጥብቅ ሕግ ይጥልበታል።

የመጀመሪያው ሕግ ማጋነን ነው። በጭቃው ላይ የተሰመረው የግንባር ሽብሽብ ወረቀቱ ሲደረብበት ይሞላል፣ ነጩ መሠረት ሲቀባበት ደግሞ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ለዓይን ልክ የሆነው መስመር በጭቃው ላይ ከልክ ያለፈ ሆኖ መሠራት አለበት። የሠለጠነ ጌታ የሠራው ጭቃ ለብቻው ሲታይ አስቀያሚ ነው፤ አዋቂዎችም ያማረ ጭቃ የሰነፍ ጭምብል ያወጣል ብለው ይፈሩታል።

ሁለተኛው ሕግ የጋን ሆድ አለመተው ነው። ጋን አፉ ጠብቦ ሆዱ እንደሚሰፋ፣ በአፍንጫ ቀዳዳ ወይም በቅንድብ ሥር አፉ የጠበበ ውስጡ የሰፋ ጉድጓድ ቢቀር፣ ጄሶው እዚያ ገብቶ ይደርቅና እንደ መንጠቆ ይነክሳል፤ ኋላም ወረቀቱ በተራው ይነከሳል፣ ሲሳብም ይቀደዳል። ስለዚህ ጌታው ጭቃውን ከላይ፣ ከጎን፣ ከአገጭ ሥር እያጎነበሰ ይመረምራል፤ የሚጠይቀውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ፊት ቀጥ ብሎ ቢሳብ ይወጣልን? ጭምብል ሠሪ ከሐውልት ሠሪ የሚለየው በዚህ ነው፤ ሐውልት ሠሪ ፊቱ እንዲኖር ያስባል፣ ጭምብል ሠሪ ፊቱ እንዲወጣ ያስባል።

ጄሶና ውሃ

ጄሶ ጥም ያለበት ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲቆፈር በውስጡ ውሃ ይዟል፤ በ150 ዲግሪ ግድም ሲጋገር ከያዘው ውሃ ሦስት አራተኛውን ያጣና ነጭ ዱቄት ይሆናል። ያ ዱቄት ከውሃ ጋር በተገናኘ ጊዜ ያጣውን መልሶ ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ እንደ ቀድሞውም ድንጋይ ይሆናል። በፓሪስ ከሞንማርትር ኮረብታ ሥር ለብዙ ዘመን ይቆፈር ስለ ነበር አውሮፓውያን የፓሪስ ጄሶ ይሉታል።

በጓዳው ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ ግማሹ የአዲስ አበባ ግንበኛና አናጺ ቋንቋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ጄሶ፣ ኮላ፣ ፎርማ፣ ካርቶን፤ እነዚህን ሁሉ የወሰድናቸው ከጣሊያንኛ ነውና፣ አንድ የእኛ ሀገር ባለሙያ በዚያ ጓዳ ቢገኝ ዐረፍተ ነገሩን ባይረዳ እንኳ ዕቃውን በስሙ ለማቀበል አይቸገርም።

የአበጣበጡ ሥርዓት ጽኑ ነው። ውሃ በጄሶ ላይ አይፈስም፤ ጄሶው ነው በውሃው ላይ እንደ ጨው የሚነሰነሰው፤ ዱቄቱ በራሱ ክብደት እየሰመጠ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከውሃው በላይ ትንንሽ ደሴቶች ሲቀሩ መነስነሱ ይቆማል። ከዚያ እጅ ወደ ሣሕኑ ወለል ይገባና ቀስ እያለ ያማስላል፤ ፈጥኖ የሚያማስል ሰው አየር ያስገባል፣ ያ አየርም በፎርማው ላይ ጉድጓድ፣ በጭምብሉ ላይ ኪንታሮት ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው ቀጭን ጄሶ በብሩሽና በእፍታ ወደ ሽብሽቡ ሁሉ ይዳረሳል፤ ወፍራሙ ከዚያ በኋላ ይመረግበታል፤ እንዳይሰነጠቅም ቃጫ ይጨመርበታል፤ ልክ ከጭድ ጋር እንደሚቦካው የቤታችን ምርጊት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አይሠራም። ደቀ መዝሙሩ እጁን በጄሶው ጀርባ ላይ አሳርፎ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ይሞቃል፣ ይግላል፣ ይበርዳል። ሲበርድ ይገለበጣል፣ ጭቃውም ከውስጡ እየተፈነቀለ ይወጣል። ቀናት የተደከመበት ፊት በዚያች ሰዓት ተድቦልቡሎ ወደ ጭቃው በርሜል ይመለሳል፤ ለሚቀጥለው ፊት ይሆናልና። የእርሱ አሻራ ግን በግልባጩ በጄሶው ሆድ ቀርቷል።

«ጭቃው ፈርሶ ፊቱ ይቀራል፤ የቀረውም ፊት ባዶ ቦታ ነው።»

ከሕያው ሰው ፊት ላይ በቀጥታ ጄሶ መውሰድም ጥንታዊ ጥበብ ነው። ቼኒኖ ቼኒኒ የተባለው ሠዓሊ በ1400 ገደማ በጻፈው የሥዕል ጥበብ መጽሐፍ፣ ሰውየው በጀርባው ተኝቶ፣ በአፍንጫው ቀዳዳዎች የብር ወይም የነሐስ ቱቦ ገብቶለት እየተነፈሰ ጄሶው እንዴት እንደሚፈስበት በዝርዝር ያስተምራል። መልክ የሚወሰድለት ጌታ፣ ንጉሥ ወይም ጳጳስ የሆነ እንደ ሆነ ጄሶው ለብ ባለ የጽጌረዳ ውሃ እንዲበጠበጥ፣ ለሌላው ሰው ግን ለብ ያለ የጉድጓድ ወይም የወንዝ ውሃ እንዲበቃው ያዝዛል። ጄሶው ራሱ ግን ለንጉሡም ለውሃ ቀጂውም እኩል ይሞቃል።

ይህ ጥበብ ከጌጥ አልፎ ለምሕረት ያገለገለበት ጊዜም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ ለፈረሰባቸው ወታደሮች፣ በለንደን ፍራንሲስ ደርወንት ውድ፣ በፓሪስ ደግሞ አና ኮልማን ላድ የተባለች ሐውልት ሠሪ፣ ከቁስሉ ላይ በጄሶ ቅርጽ እየወሰዱ፣ የጎደለውን ወታደሩ ከመቁሰሉ በፊት በተነሣው ፎቶግራፍ እየሞሉ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የመዳብ ጭምብል ሠሩላቸው። ብዙውን ጊዜ ጭምብሉ በመነጽር ዘንግ ተንጠልጥሎ ይቆም ነበር፤ ቀለሙም የገላውን መልክ እንዲይዝ ወታደሩ አድርጎት ሳለ ይቀባ ነበር።

የቴአትር ሰዎች ግን ከሕያው ፊት የተወሰደ ቅርጽ ለመድረክ አይበጅም ይላሉ፤ ምክንያታቸውም የሚታመን ነው። ጄሶ ከባድ ስለ ሆነ ጉንጭን ያወርዳል፤ ዓይንም ስለሚጨፈን የሚወጣው ፊት የሕያው ሳይሆን የአስከሬን ይሆናል። በጣት ከጭቃ የወጣው የሐሰት ፊት ከእውነተኛው ይልቅ ሕያው መምሰሉ የዚህ ጥበብ ምሥጢር ነው።

ገልብጦ ማሰብ

ፎርማው ለቀናት ከደረቀ በኋላ ሆዱ ቫዝሊን ወይም ሳሙና ይቀባል፤ አለዚያ ወረቀቱ ተጣብቆ ይቀራል። ወረቀቱ ተራ ወረቀት አይደለም፤ ጣሊያኖቹ የሱፍ ወረቀት የሚሉት፣ ወፈር ያለና ውሃ የሚጠጣ ነው። በመቀስ አይቆረጥም፣ በእጅ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ጠርዝ ጭረቱ ስለሚሳሳ ከጎረቤቱ ጋር ተዋሕዶ ይጠፋል፣ የተቆረጠ ጠርዝ ግን እንደ ጠባሳ ይታያል። በውሃና በኮላ ርሶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ሲለሰልስ ቁራጭ በቁራጭ በፎርማው ሆድ ይለጠፋል፤ ጣት ወደ አፍንጫው ጫፍ፣ ወደ ከንፈሩ ማዕዘን፣ ወደ ቅንድቡ ሥር እየገባ ይጫነዋል።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው የሚያየው የጭምብሉን ውስጥ ነው፤ ዓለም የሚያየው ገጽ ከጄሶው ጋር ተጋጥሞ ከወረቀቱ ሥር ተሰውሯል። ግራው ቀኝ ነው፣ ጉድጓዱ ጉብታ ነው፣ ቀድሞ የተለጠፈው ከላይ የሚሆነው ነው። በአፍንጫው ጫፍ ጣቱ ያልደረሰበት ቦታ ቢኖር አሁን ምንም አይታወቅም፤ ሲደርቅና ሲወጣ ብቻ አፍንጫው ዶልዱሞ ይገኛል። ስለዚህ ነባር ሠራተኞች ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ አንሥተው ወደ መስኮቱ እያዩ ሲሠሩ ብናይ ስንፍና አይደለም፤ በዚህ ሥራ ዓይን ያሳስታል፣ ጣት ያውቃል።

የእኛም አንጥረኛ ይህን ዓይነት አስተሳሰብ ያውቀዋል። መስቀሉን በሰም ሠርቶ፣ ሰሙን በጭቃ ለብጦ፣ በእሳት አቅልጦ ካስወጣ በኋላ በባዶው ቦታ ወርቁን ወይም ነሐሱን ያፈስሳል፤ ቅኔያችንም ሰምና ወርቅ የሚለውን ስሙን ከዚሁ ወስዷል። ነገር ግን አንጥረኛው መስቀሉን ለማውጣት ጭቃውን ይሰብረዋልና ያ መስቀል ዳግመኛ ወንድም አይወለድለትም። የቬኒሱ ፎርማ ሳይሰበር ስለሚቀር ከአንድ ማሕፀን ብዙ መንትያ ይወጣል፤ ቢሆንም ከአወጣጥ ብዛት ሽብሽቡ ይደለድላል፣ የአፍንጫው ጫፍ ይዶለዱማል፣ በመጨረሻም ፎርማው ያረጃል።

የደረቀው ወረቀት ጥቂት ይኮማተርና ከጄሶው በራሱ ይላቀቃል። ጠርዙ ይከረከማል፣ ዓይኑ በስለት ይከፈታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ነጭ መሠረት ይቀባል። ከዚህ ወዲያ ያለውን፣ ቀለሙን፣ የወርቅ ቅብና ሰሙን፣ ጎብኚ ሁሉ በመስኮት ቆሞ የሚያየው ስለ ሆነ አናራዝመውም።

ገጽ

ከእጅ ሥራው ወደ ስሙ እንለፍ። በግሪክ ቋንቋ ፕሮሶፖን ማለት ፊት ማለት ነው፤ የቴአትር ጭምብልም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። በላቲንም ፐርሶና መጀመሪያ ጭምብል፣ ኋላ በድራማ የሚሠራው ሰው፣ ከዚያም በነገረ መለኮት አካል እስከ መባል ደረሰ። የእኛ ሊቃውንት በበኩላቸው ፕሮሶፖንን ገጽ ብለው ተረጎሙ፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ልብ ወለድና ቴአትር ሲስፋፋ ጸሐፊዎቻችን በታሪኩ ውስጥ የሚመላለሰውን ሰው ገጸ ባሕርይ አሉት። ጭምብልን ከማታለል ጋር ብቻ የሚያያይዙ አጥባቂ ሰዎች ቁጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቁማር ቤቱን ታሪክ አይተናል። ሆኖም ፊትን የመሸፈኛው ዕቃ እና የሰው ማንነት መጠሪያ በሁለት ታላላቅ ቋንቋዎች ከአንድ ቃል መውጣታቸው፣ ነገሩ ከቁጣ ይልቅ ምርመራ እንደሚገባው ያሳያል።

ውሃ፣ ላስቲክና ወረርሽኝ

በ1797 ናፖሊዮን ከሺህ ዓመት በላይ የኖረውን የቬኒስን ሪፐብሊክ አጠፋ፤ ካርኒቫሉም ከዚያ በኋላ እየደበዘዘ ሄደ። ወደ ሁለት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ዝምታ በኋላ፣ በ1979 በዓሉ በይፋ ሲታደስ፣ ጭምብል መሥራትን እንደ አዲስ ያነሡት በአብዛኛው ወጣቶችና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ነበሩ፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚያቀብላቸው አረጋዊ ስላልነበረ፣ ከአሮጌ ሥዕሎችና ከራሳቸው ስሕተት ተማሩ። እንግዲህ ዛሬ «ጥንታዊ» እየተባለ የሚሸጠው ጥበብ ከሞት የተነሣ ነው።

የአሁኑ ጠላቱ ርካሽነት ነው። በድልድዩ ሁሉ ሥር የሚሸጡት የላስቲክ ጭምብሎች ከፋብሪካ ብረት ፎርማ በሺህ የሚወጡ ናቸው፤ ባለሱቁ ገዢ የሚፈልገው ርካሹን ነው ይላል፣ ሠሪው ደግሞ ገዢ ልዩነቱን የሚነግረው አጣ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ውሃም አለ። በኅዳር 2019 ባሕሩ 187 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተማዪቱን ሲያጥለቀልቅ፣ ጄሶና ወረቀት ውሃን እንደሚወዱ ሁሉ በውሃ እንደሚጠፉም ምድር ቤት ያለው ባለ ሱቅ ሁሉ አየ። በተከታዩ የካቲት ደግሞ የ2020 ካርኒቫል በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድሞ ተቋረጠ፤ ጭምብል የማውለቂያው ቀን ሳይደርስ ዓለም ሁሉ ሌላ ዓይነት ጭምብል አጠለቀ።

አንባቢ ሆይ፣ ከእንግዲህ የቬኒስ ጭምብል በስጦታ ቢደርስህ ወይም ስትገዛ፣ ቀለሙን ከማድነቅህ በፊት ገልብጠህ ውስጡን ተመልከት። የተቀደደ ወረቀት ጠርዝ እርስ በርሱ ተደራርቦ፣ በአፍንጫው ጉድጓድ ውስጥም ጣት የተጫነበት ስርጉድ ካየህ በጄሶ ፎርማ ውስጥ በእጅ የተወለደ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ሣሕን ለስላሳ ከሆነ የፋብሪካ ነው። አንዳንድ ሠሪ ውስጡንም ጥቁር ቀለም ይቀባዋል፤ ያን ጊዜ በጣትህ ዳስሰው።